ያዝ ለቀቅ

ጥቅምት 5

ለተከበሩ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎ አይድከም፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልከፋም፣ ክፍሌም ሞቃት ናት። ይህን የምነግርዎ ይጨነቃሉ ብዬ አይደለም፤ አክስቴ በሕይወት ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ስለነበር ነው።

ዛሬ የጻፍኩት ለወሬ አይደለም፤ አንድ ቃል ልለምንዎ ነው። እንደሚያውቁት እዚህ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። የእኛን ቋንቋ የሚናገር በሽተኛ ሲመጣ በእሱና በሐኪሙ መካከል እቀመጣለሁ። ሰሞኑን ደግሞ በሽተኛው ወደ ሐኪም ከመግባቱ በፊት የሚጠየቀውን ወረቀት ወደ ቋንቋችን እንድመልስ ሰጡኝ። ሁሉንም ጨርሼ አንዲት ጥያቄ ላይ ቀረሁ። ሕመሙ ሳያቋርጥ የሚዘልቅ ነው ወይስ እየመጣ የሚሄድ? ነው የምትለው። ለዚህ እየመጣ ለሚሄደው እነሱ አንዲት ቃል አለቻቸው። እኔ «የሚቆራረጥ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ለአንዲት እናት ሳነብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ የሚቆራረጠው የልጄ ስልክ ነው። እኔ ሆዴን ነው ያልኩሽ» አሉኝ። ባላቸው ደግሞ ከጎን ሆነው፣ «ተያት እንጂ፣ እሷ ምን ታድርግ፣ የተጻፈላትን ነው የምታነበው» አሉ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አላወቁም። ሐኪሙ «ምን አሉ?» ሲለኝ «ስለ ስልክ ነው» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል?

ጋሼ፣ በልጅነቴ «ወይዘሪት ጥያቄ» ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ስሙን ያወጣ መልሱንም ይችላል። ሲመጣ ሲሄድ ለሚኖር ነገር እኛ ምንድን ነው የምንለው? የመዝገብ ቃል አልፈልግም፤ ሰው አፍ ላይ ያለውን ይስጡኝ።

ያ የሚጠግኑት ሊፍትስ እንዴት ነው? እርስዎስ?

ልጅዎ፣ ጥያቄ

ኅዳር 2

ለወይዘሪት ጥያቄ፣

ባለሽበት ሰላም ይጠብቅሽ፤ እግርሽ እንቅፋት አያግኘው፣ አፍሽ ቃል አይጣ። እኔ እንደ ብረት ነኝ።

ጽሕፈቴን ታገሺው። አክስትሽ በነበረች ጊዜ እኔ እናገር ነበር፣ እሷ ትጽፍ ነበር። አሁን ሁለቱንም የምሠራው እኔ ነኝ። ያቺ ከታች ያለችው ጎረቤቴ፣ ራዲዮ የምንላት፣ «ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር። እኔ እጅ የለኝም? ደግሞ ራዲዮ የጻፈችው ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ሕንጻው በሙሉ ያነበዋል። በስልክ ለምን አይነግሩኝም እንዳትዪኝ። በስልክ የተባለ ይዋጣል፤ የተጻፈ ግን አፍጥጦ ይቀመጣል።

ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅሽም። ያ ሁሉ ሐኪም ባለበት አገር አንድ ቃል ቢጠፋ የተላከው ወደ እኔ ነው። ይህን ለሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ስነግረው ምላጩን አንገቴ ላይ አቁሞ ሰማኝ። «እባክህ መጀመሪያ ምላጩን አንሳ» አልኩት።

እንግዲህ ስሚ። ሲመጣ ሲሄድ ለሚኖር ነገር አንድ ቃል አይበቃውም። ስሙ እንደ አመጣጡ ነው። ዝናብ ከሆነ «ጣል ጣል አደረገ» ነው። መብራት ከሆነ «ብልጭ ድርግም» ነው። ውሃ ከሆነ፣ እኛ ቤት እንዳለችው ያለች ውሃ፣ «ሄድ መጣ ትላለች» ነው። ሲያሻው የሚመጣ ሲያሻው የሚጠፋ ዘመድ ከሆነ «ብቅ ጥልቅ ይላል» ነው፤ አንቺን አይደለም ያልኩት። ሕመም ሲሆን ግን ልጄ፣ «ያዝ ለቀቅ» ነው። «ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል» ይላል ሰው። እንዲሁ አድርገሽ ጻፊው፤ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ሕመም።

ለምን እንደምትዪ አውቃለሁ፤ አንቺ ያለ ለምን አታድሪም። ዝናብ እጅ የለውም፣ አይዝም። መብራትም አይዝም። ያዝ ለቀቅ የሚባለው እጅ ያለው ነገር ነው። ሳትፈቅጂ ይይዝሻል፣ ሳትለምኚው ይለቅሻል። ሲለቅሽ ግን ማረኝ ብለሽ እንዳትሞኚ። ድመት አይጥ ይዛ ለቀቅ ስታደርጋት አይተሽ የለ? አይጧ ብቻ ናት ነጻ ወጣሁ የምትለው።

«አልፎ አልፎ» የሚሉም አሉ። እሱ ሌላ ነው። አልፎ አልፎ መንገደኛ ነው፤ ደጅሽን ሳያንኳኳም ሊያልፍ ይችላል። ሰው ነገሩን ማቃለል ሲፈልግ አልፎ አልፎ ይላል። «ትጠጣለህ ወይ?» ሲሉት «አልፎ አልፎ» የሚለውን ሰው አስቢው፤ ያ ሰው ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚገባው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከሊፍት ነው። ሕንጻችን ስምንት ፎቅ ነው፤ ሊፍቱን የገጠሙት ሰዎች አልፈዋል፣ እኔና እሱ አለን። ዓምና አመል አወጣ። ሰው ጭኖ ሲወጣ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ተጠርቼ ስመጣ ደግሞ ቀብረር ብሎ ይወጣል፣ ቀብረር ብሎ ይወርዳል። የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር «እርስዎን ይፈራል መሰለኝ» አለኝ። ሳቁ። እኔ ወንበሬንና ዳቦዬን ይዤ ውስጡ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሲወጣ ስወጣ፣ ሲወርድ ስወርድ ዋልኩ። የገባው ሁሉ «ምነው ጋሼ፣ ከቤት አባረሩዎት?» ይላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአምስተኛው ከፍ እንዳለ ቀጥ አለ። «ያዝኩህ!» አልኩት። ለካስ የኤሌክትሪክ ገመዱ ልብስ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሲዘረጋ ይነካካል፣ ሲታጠፍ ይለያያል። ደህና በሆነ ሰዓት ብትፈትሺው ዕድሜ ልክሽን አታገኚውም።

ለምሳሌ እኔን ራሴን ዘንድሮ ይይዘኛል። ቆሜ ሳለሁ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ዝም ይላል፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ ግድግዳ እይዛለሁ። ከዚያ ይለቀኛል። አንድ ጊዜ ሰገነቱ ላይ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ይዞኝ ምሰሶ አቅፌ ቆየሁ። ይህን የነገርኩሽ ለቃሉ ማስረጃ እንዲሆንሽ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሐኪምም አይቶኛል፤ ምንም የለብዎትም ብሎኛል።

ሌላ የቸገረሽ ቃል ካለ ጻፊ። ከአንቺ የምፈልገው የለም።

አጎትሽ

ኅዳር 25

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደ ብረት ያሉኝ ጋሼ፣ ብረትነትዎ ሳይዝግ ይኑር። ሰላምታዬ ከእግርዎ ይድረስ።

ቃሉ ሠራ! ወረቀቱ ታትሞ ተቀምጧል። ከትናንት ወዲያ አንድ አዛውንት ሾፌር መጡ። «ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ቀና አሉና፣ «አንቺ ከየት ነው የሰማሽው? ልክ እንደሱ ነው እንጂ!» አሉ። ከዚያ ያለማቋረጥ ነገሩኝ፤ መቼ እንደሚይዛቸው፣ መሪ ይዘው ሳሉ እንኳ እንዴት እንደያዛቸው። እኔ ለመተርጎም፣ ሐኪሙ ለመጻፍ አልደረስንም። ሲወጡ «ቃሉን የሰጠሽን ሰው ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ይኸው ሰላምታቸው።

ምሳሌዎን ግን አልወደድኩትም፣ ጋሼ።

አብራኝ ለምትሠራ ነርስ እንደጻፉልኝ አድርጌ ነገርኳት። ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ይህ ምናልባት የልብ ምት እየዘለለ ሊሆን ይችላል፣ ቆም የሚል ልብ ደግሞ አንድ ቀን ቆሞ ሊቀር ይችላል አለችኝ። ቢደርሱበት የሚረዳ ነገር አለ፤ ካልደረሱበት ግን የለም። እዚህ ደረት ላይ ታስሮ እየዋለ የሚከታተል መሣሪያ አለ። እዚያ ያለው ክሊኒክ እንዳለው ይጠይቁልኝ።

ደግሞ ይንገሩኝ። ሐኪሙ ያየዎት በምን ቀን ነው? በያዘዎት ቀን ነው ወይስ በለቀቀዎት? ምን ብለውስ ነገሩት?

ልጅዎ፣ ጥያቄ

ታኅሣሥ 21

ለወይዘሪት ጥያቄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ የሾፌሩ ሰላምታ ደርሶኛል፣ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለሌላው የጻፍሽውን አነበብኩ። ቃል ጠየቅሽኝ፣ ቃል ሰጠሁሽ። አሁን ደግሞ ምሳሌውን ይዘሽ እኔን መመርመር ጀመርሽ። አስተርጓሚ ነሽ ወይስ መርማሪ?

ከጠየቅሽ እነግርሻለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ክሊኒክ የሄድኩት በደህና ቀኔ ነዋ! እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? በደከምኩ ቀን ማን እንዲያየኝ ነው የምሄደው? ጫማዬን አስጠርጌ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ደረጃውን በእግሬ ወርጄ፣ በእግሬ ሄድኩ። ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ «እርስዎ ማንን ሊጠይቁ መጡ?» ነበር የሚሉኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ዓይቶ «ጋሼ፣ ይህ የጎረምሳ ልብ ነው» አለኝ። ምንድን ነው የሚሰማዎት ሲለኝ «አልፎ አልፎ ያዞረኛል» አልኩት። ከዚያ ወዲህም ሄጄ ነበር፤ ያን ቀንም ደህና ነበርኩ፣ ያን ቀንም ጎረምሳ ነዎት አለኝ። የምትዪው የሚታሰር መሣሪያ እነሱ ዘንድ የለም፤ ቢኖርም እኔ እንደ በግ በገመድ አልታሰርም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ነገሩ ይዘጋ። የሞተሩ ክፍል ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቀን ሲጎድል ሠርቼበታለሁ፣ አክስትሽን ቀብሬ በሳልስቱ ወጥቼ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። እነዚህ የኮሚቴ ሰዎች እኔ ግድግዳ ስይዝ ካዩ «ጋሼ ይረፉ» ይሉኛል። ይረፉ ማለት ቁልፉን አምጣ ማለት ነው። ሰው የሚወድቀው ሲያዩት ነው፤ ሳያዩት የወደቀ ተነሥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ተዪው። ሌላ ቃል ካለሽ ጠይቂ።

አጎትሽ

ጥር 29

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናና ዕድሜ አብረው ይቀመጡልዎ። ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ።

ራዲዮ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከየት አገኘችው አይበሉ፣ ራዲዮ ናት። በደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀምጠው አገኘችዎት፣ ከንፈርዎ አመድ መስሎ። «ምን ሆኑ?» ስትልዎ «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አሏት። ጫማዎ ማሰሪያ የለውም፣ ጋሼ።

እኔ መርማሪ አይደለሁም። ግን የጻፉልኝን ደብዳቤ ከፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፈው። በሊፍቱ ጊዜ ሰዎቹ ሲስቁብዎ ምን አደረጉ? ደህና ሲሆን አይተውት «ጎረምሳ ነው» ብለው ወደ ቤትዎ ገቡ? ወንበር ይዘው ገብተው እስኪይዘው ጠበቁት። ለብረት ያደረጉትን ለራስዎ ነፈጉ። ያ ወጣት ሐኪም ምን ያድርግ? ሄደው ያሳዩት የተዘረጋውን ገመድ ነው። የነገሩት ደግሞ «አልፎ አልፎ» ብለው ነው። ለእኔ ያዝ ለቀቅ ብለሽ ጻፊ ብለው፣ ለሐኪሙ የመንገደኛውን ቃል ሰጡት። ነገሩን የሚያቃልል ሰው ነው እንደዚያ የሚለው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ድመቷ አሁን ለቀቅ አድርጋዎት ይሆናል። እኔ ግን እፈራለሁ። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም በጋብቻ። ሲይዝዎ ይሂዱ። በያዘዎት ሰዓት፣ እንደያዘዎት።

ልጅዎ

የካቲት 18

ለአባትሽ ልጅ፣

ሰላም ነሽ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። ደህና ነኝ።

ከራዲዮ ጋር አንነጋገርም።

አጎትሽ

መጋቢት 8

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ይዋሉ፣ ሰላም ይደሩ። ተቀይመውኛል፤ መብትዎ ነው። የተቀየመ ሰው በሕይወት አለ፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል።

የጻፍኩትን አልመልስም። ግን አንድ ነገር ሳስብ ሰነበትኩ። ጋሼ ሲታመሙ መታየት አይፈልጉም፤ የሚከብድዎ ሕመሙ ሳይሆን ሰው እንደ ዕቃ አንሥቶ ሲወስድዎ ነው። እሺ። እንግዲያው ማን እንደሚወስድዎ፣ በየት በኩል፣ በምን ተይዘው እንደሚሄዱ እርስዎ ራስዎ ይዘዙ። ደህና በሆኑ ቀን፣ ቆመው፣ ኮትዎን ለብሰው ይዘዙ። ከዚያ በኋላ ሲይዝዎ የሚፈጸመው የእርስዎ ትእዛዝ ነው። ያን ጊዜ የሚያፍር ካለ ትእዛዙን ያላደረሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር አልጽፍም። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ፣ ጥያቄ

ሚያዝያ 30

ለወይዘሪት ጥያቄ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይክበብሽ። ዓይንሽ ክፉ አይይ፣ ጆሮሽ የሰማው ደግ ይሁን፣ ላብሽ ከእንጀራሽ አይለፍ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር፤ ኋላ ግን እጄን ለጽሕፈት እንዳላንቀሳቅስ ሐኪሞች ከልክለውኝ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ያ ማዘዝ ያልሽው ነገር አንቺ ሳትጽፊም እኔ ሆድ ውስጥ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ እንጂ። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ፀጉር አስተካካዩን፣ ሊቀ መንበሩንና ራዲዮን ክፍሌ ጠራኋቸው። ኮቴን ለብሼ ቆሜ ነው የተናገርኩት። «እኔን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገኝ ነገር አለ» አልኳቸው። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ራዲዮ «እኔ እኮ…» ስትል «አንቺ ቆይ» አልኳት። «ሲይዘኝ ወደ አልጋዬ የሚወስደኝ ሰው ጠላቴ ነው። ወደ ሐኪም ነው። አንተ በቀኝ፣ አንተ በግራ። የሊቀ መንበሩ የቢሮ ወንበር ጎማ አለው፤ በእሱ ነው የምሄደው። ራዲዮ ከፊት ከፊት ሄደሽ መንገድ ታስለቅቂያለሽ፤ ለዚህ ሥራ ጉሮሮ ያስፈልጋል። እኔ በመንገድ ላይ ተዉኝ ብል እንኳ አትስሙኝ፤ የምትሰሙት የዛሬውን ጋሼ ነው።» ከዚያ ወንበሩን አስመጥቼ በኮሪደሩ ላይ አለማመድኳቸው። ራዲዮ ከፊት ሆና «መንገድ!» ስትል አንዱ ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት ከነሳሙናው ወጣ።

ሲይዘኝ የት ያዘኝ መሰለሽ? ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ። ግማሽ ጢሜ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ደረቴ ዝም አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ዓየሁት፣ ከዚያ ጠፋብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጎማው መንገዱ ላይ እየጮኸ ነው። ራዲዮ ከፊት፣ «መንገድ! መንገድ! ጋሼን ይዟቸዋል!» ትላለች። ሱቅ ያለው ከሱቁ ወጣ፣ መስኮት ያለው መስኮቱን ከፈተ። እኔ በግማሽ ጢም፣ አንገቴ ላይ ፎጣ ተጠምጥሞ፣ በሰው ወንበር።

መሀል መንገድ ላይ ለቀቀኝ። ደህና ሆንኩ። «በቃ ለቆኛል፣ መልሱኝ፣ ጢሜን እንኳ ልጨርስ» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ቆም ሊል ሲል ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጋሼ፣ ትእዛዙ እስከ ሐኪም ነው። የራስዎን ቃል ልናፈርስ?» አለኝ። ያሰርኩትን ገመድ በደንብ አስሬዋለሁ። ተነዳሁ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ቀና አደረግኩ። የሚያየኝን ሁሉ ዓየሁት። አንዷ ከሩቅ «ማን ተሸክሟቸው ነው?» ስትል ሰምቼ፣ «ማንም አልተሸከመኝም፤ እኔ አስሸከምኩ እንጂ!» አልኳት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሐኪሙ ሲያየኝ በአረፋው ደነገጠ። «ምን ሆኑ?» አለኝ። «ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል» አልኩት። እንዲያ ስለው ፊቱ ተለወጠ። «ለምን ያኔ እንዲህ አላሉኝም?» አለ። «ያኔ ኮት ለብሼ ነበር» አልኩት። ሽቦውን ለጣጠፈ። ወረቀቱ እየወጣ ሳለ ደግሞ ያዘኝ። እኔ አላየሁም፤ በኋላ ግን ራዲዮ እንደነገረችኝ መስመሩ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ ሜዳ ሆነ፤ ሐኪሙም ደረቴን በሁለት እጁ ተጫነ። ተመልሼ ስነቃ ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ይዞ ያለቅሳል። ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ። «እዚህ ጋ አልነበሩም» አለኝ። ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ረጅም ነው፣ ልጄ። የሐኪም ወረቀት ማንበብ አልችልም፤ ያንን ግን አነበብኩት።

ልክ ነበርሽ። ይህን ሌላ ጊዜ አልደግመውም።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩኝ። ከትከሻዬ በታች ቆዳዬን ከፍተው አንዲት ትንሽ ዕቃ አስገቡ፤ ከእሷ ሽቦ ወጥቶ ልቤ ድረስ ይሄዳል። እንዴት እንደምትሠራ ካላስረዳችሁኝ አልተኛም ብዬ አስረዱኝ። ልቤ ስትሠራ ይህች ዕቃ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ልቤ ቆም ስትል ብቻ ቆንጠጥ ታደርጋታለች። ስትነሣ ደግሞ ዝም። ሕመሙ ያዝ ለቀቅ፣ መድኃኒቱም ያዝ ለቀቅ! ሐኪሞቹን እንዲህ ብያቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ አንዲቱ ግን ሳትስቅ ጻፈችው።

ከትልልቅ ሞተር ራቅ ይበሉ አሉኝ። የዚያን ቀን ብቻ ነው የከፋኝ፤ ዋሽቼ ከፍቶኝ አያውቅም አልልሽም። ስመለስ ሊቀ መንበሩ ቁልፉን አልጠየቀኝም፤ በሩ ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ያወራል። እኔ ነኝ ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ ያስቀመጥኩት። አዲስ መካኒክ ተቀጥራለች። ከእኔ ትበልጣለች አልልም፣ ጎበዝ ግን ናት። ሰገነቱ ላይ ሆና ወደ ታች ትጣራለች፣ እኔ ከታች ወንበሬ ላይ ሆኜ የሰማሁትን እነግራታለሁ። ከራዲዮ ጋር ታርቀናል። መንገዱን ያስለቀቀችበትን ታሪክ በየቀኑ ትናገራለች፤ በየቀኑ ሰው ይጨምርበታል፣ በትናንቱ ወታደርም ነበረበት።

አሁን ልለምንሽ ነው። ከአንቺ ምንም አልፈልግም ስልሽ ኖሬአለሁ፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስለዚህ እንቢ እንዳትዪኝ።

በዚያ ወረቀትሽ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪ። ሕመሙ የሚዘልቅ ነው ወይስ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ፣ ይህ ጥሩ ነው፣ ይቆይ። ከእሱ ቀጥለሽ ግን ይህን ጠይቂያቸው፦ «ዛሬ የመጡት በያዘዎት ቀን ነው ወይስ በለቀቀዎት?» ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ወረቀቱን ዓይቶ ጎረምሳ ነህ እንዳይል። ኩሩ ሰው ብዙ ነው፣ ልጄ። ጫማውን አስጠርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በእግሩ ይመጣል፣ ደህና ነህ ይባላል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይሞታል። አትሳቂበት፤ ጠይቂው ብቻ። አንቺ ከጠየቅሽው ይነግርሻል፤ እኔ ከነገርኩሽ ማን የማይነግርሽ አለ?

ጥያቄው ከየት መጣ ቢሉሽ ከአጎቴ በያቸው። ስሜን ካስፈለጋቸው እስከ አያቴ ድረስ ሙሉውን ጻፊላቸው፤ አንዲት ፊደል እንዳትጎድል።

አጎትሽ